በዕጣ ለመጣን ሰዎች፦ ለቨርጂኒያ ሐበሾች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በአሌክሳንድሪያ፣ በፎልስ ቸርች፣ በአርሊንግተን፣ በስፕሪንግፊልድና በዉድብሪጅ ለምትኖሩ ወገኖቼ። በተለይ ደግሞ የአሜሪካ ዜግነት ወስዳችሁ እስከ ዛሬ ድምፅ ሰጥታችሁ ለማታውቁ።

ጤና ይስጥልኝ።

በ2006 በዲቪ የመጣሁ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ በነርስነት የምሠራ፣ እሁድ እሁድ ከእናንተው ጋር የማስቀድስ ሰው ነኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የአገር ቤቱን ስጠቅስ እናገራለሁ። በአሜሪካ ፖለቲካ ሊበራል የሚባለው፣ በብዛት ዴሞክራቶችን የሚመርጠው ወገን ነኝ። ይህን ሳልደብቅ ልጀምር።

ቡና ላይ ተቀምጠን ሊበራል የምትለው ቃል ስትነሳ ፊታቸው የሚቀየር ሰዎች አሉ። ከ2024ቱ ምርጫ በኋላ እኔና አንድ የቅርብ ወዳጄ ሦስት ወር ሳንነጋገር ቀረን። እሱ ትራምፕን መርጧል፤ እኔ ካማላ ሃሪስን። የታረቅነው ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ነው። ሰዎች አቀማምጠው አስታረቁን። በዚያው ጨዋታ ተነሳና አጠገባችን የነበሩትን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። "እናንተስ ማንን መረጣችሁ?" ከአሥራ አንድ ሰው ዘጠኙ አልመረጡም። ሁሉም ዜጎች ናቸው። ሰማያዊው ፓስፖርት መሳቢያቸው ውስጥ አለ። "ምን ይለውጣል ብለሽ ነው?" አለችኝ አንዷ። የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ ብልህ ሴት።

ያን ጊዜ የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ ደብዳቤ ለእሷ ሳልመልስላት የቀረሁት መልስ ነው። ለማን እንድትመርጡ አላዛችሁም። እኔ ለምን እንደምመርጥ ግን ልንገራችሁ።

ከአንድ ሰው እግር ልጀምር።

ጊዜው 2016 ነው። ሌሊት ሺፍት ላይ ነበርኩ። ድንገተኛ ክፍል አንድ ሐበሻ ገብቷል፣ እንግሊዝኛው ስለማይበቃው ነይ ተርጉሚለት ተብዬ ወረድኩ። ፓርኪንግ ውስጥ በሰዓት ዘጠኝ ዶላር የሚሠራ ወንድማችን ነው። በሳምንት ሃያ ሰዓት ብቻ ነው የሚሰጡት። የስኳር በሽታ አለበት። ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ሰንብቶ ሰንብቶ እግሩን አጥቁሮታል። "ለምን ቶሎ አልመጣህም?" አልኩት። "ኢንሹራንስ የለኝማ፣ እህቴ" አለኝ። ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ።

በማግስቱ ሊጠይቀው የአጎቱ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። ሥራቸው አንድ ነው፤ እሱም ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ደሞዛቸውም ያው ነው። ስኳርም አለበት፣ በዘር ነው መሰለኝ። ልዩነቱ ይሄኛው በየሦስት ወሩ ሐኪም ያየዋል፣ ኢንሱሊኑን በነጻ ይወስዳል። ከ2014 ጀምሮ የሜሪላንድ ሜዲኬይድ፣ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ካርድ አለው። አንደኛው ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህ፣ ሌላኛው ወዲያ። በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ብዙዎቻችን ስለማናውቀው ላስረዳ። ኦባማ በ2010 የፈረሙት ሕግ ሜዲኬይድ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ጎልማሳ ሁሉ እንዲደርስ ያዝዝ ነበር። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ "ግዛቶች ካልፈለጉ አይገደዱም" ብሎ ወሰነ። ሜሪላንድ እሺ አለች፤ በጃኑዋሪ 2014 ጀመረች። የቨርጂኒያ ምክር ቤት እምቢ አለ። ስለዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ልጅ የሌለው፣ አካል ጉዳት የሌለበት ጎልማሳ ምንም ያህል ደሃ ቢሆን ሜዲኬይድ አያገኝም ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይሄ ነው፦ ኦባማኬር የሚባለው የዚሁ ሕግ የኢንሹራንስ ድጎማ የሚጀምረው ከድህነት መስመሩ በላይ ላለ ሰው ነው። ሕጉ ሲጻፍ ከመስመሩ በታች ያለውን ሜዲኬይድ ይይዘዋል ተብሎ ታስቦ ነበር። ወንድማችን ገቢው አነሰና ድጎማው አመለጠው። ከዚያም በላይ ደሃ ሆኖ ሜዲኬይዱ አልተቀበለውም። ሁለት በር መካከል ቀረ።

ያን በር የዘጋው ፕሬዚዳንቱ አይደለም። ሪችመንድ ከተማ የሚቀመጠው የግዛታችን ምክር ቤት ነው። አንድ መቶ መቀመጫ ያለው ሃውስ ኦቭ ዴሌጌትስ የሚባለው። ከመካከላችን የራሱን ተወካይ ስም የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? በዚያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ስሙ።

በኖቬምበር 2017 የዚያ ምክር ቤት ምርጫ ተደረገ። ሪፐብሊካኖች 66፣ ዴሞክራቶች 34 ነበሩ። ሌሊቱን ሲቆጠር አሥራ አምስት መቀመጫ ተገለበጠ። ኒውፖርት ኒውስ አካባቢ ያለው 94ኛ ወረዳ ግን አልለይ አለ። ዴቪድ ያንሲ የሚባለው ሪፐብሊካን በአሥር ድምፅ መራ። እንደገና ተቆጠረ፤ ሼሊ ሲመንድስ የምትባለው ዴሞክራት በአንድ ድምፅ በለጠች። በማግስቱ ዳኞች ተጥላ የነበረች አንዲት ወረቀት ለያንሲ ትቆጠር አሉ። 11,608 ለ11,608 ሆነ። እኩል።

የቨርጂኒያ ሕግ እኩል ሲሆን ዕጣ ይውጣ ይላል። ጃኑዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ የሁለቱን ስም በትናንሽ የፎቶ ፊልም መያዣዎች ውስጥ ከተው ከሙዚየም በመጣ የሸክላ ሳህን ውስጥ ጨመሩት። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ እጁን ከቶ አወጣ። ያንሲ ወጣ። ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ምክር ቤቱን ያዙ።

ይህን በቴሌቪዥን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ምክንያቱም ዕጣን እኛ እናውቀዋለን። ዕቁብ ላይ ዕጣ እናወጣለን። አገር ቤት ለኮንዶሚኒየም ዕጣ ጠብቀናል። አብዛኞቻችን እዚህ አገር የገባነው በዕጣ ነው። "ዲቪ ደረሰኝ" ብለን ጎረቤት ሰብስበን እልል ያልን ሰዎች ነን። ዕጣ ግን ሰው ምንም ማድረግ በማይችልበት ነገር ላይ ነው የሚያምረው። ያቺ የኒውፖርት ኒውስ ወንበር አንድ ሰው ብቻ ከቤቱ ቢወጣ ኖሮ ሳህን አያስፈልጋትም ነበር። አንድ ሰው። ጉንፋን የያዘው፣ ሺፍት የረዘመበት፣ "ምን ይለውጣል" ያለ አንድ ሰው።

ሲመንድስ ዕጣው ባይወጣላትም የተገለበጡት አሥራ አምስቱ መቀመጫዎች ሥራቸውን ሠሩ። ነፋሱ መቀየሩን ያዩ አንዳንድ ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር ቆሙ። በሜይ 2018 የሜዲኬይዱ ጉዳይ አለፈ። ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ እስከ አራት መቶ ሺህ የሚደርሱ ቨርጂኒያውያን ካርድ የማግኘት መብት አገኙ። ወንድማችንም አገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ከሁለት ጣት በኋላ።

እኔ በ2017 አልመረጥኩም። ድርብ ሺፍት ነበረብኝ። ምርጫ መኖሩንም የሰማሁት አልፎ ነው። የዚያን ሰው እግር በእጄ ጠርጌ፣ ስለ እግሩ በሚወሰንበት ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ይህን ለራሴ ገና ይቅር አላልኩም።

አሁን ሊበራል ለምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ከእናቴ ዕድር ነው የመጣው።

ሰፈራችን ጉለሌ ነው። እናቴ በወር ጥቂት ብር እያዋጣች የዕድር አባል ነበረች። ዕድሩ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው። ባለ ፎቁ ነጋዴ ሲሞትም፣ ጉሊት የምትቸረችረው ሴትዮ ስትሞትም የሚተከለው ድንኳን አንድ ነው። ማንም "ይቺ ሰነፍ ነበረች፣ ድንኳን አይገባትም" ሲል ሰምቼ አላውቅም። መዋጮ የሚያዘገይ ነበር፤ ይቀጣል። ሬሳው ግን ያለ ድንኳን አያድርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው። ሜዲኬይድ ለእኔ በጣም ትልቅ ዕድር ነው። ያን ያህል ቀላል ነው።

አንዳንዶቻችሁ "እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ የምከፍለውን ታክስ ተቀምጦ የሚበላ አለ" ትላላችሁ። ንዴቱ ይገባኛል። ጉልበታችሁ የሚደማበትን ገንዘብ ማን እንዴት እንደሚያወጣው መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሆኖም "የሚሠራ ብቻ ይታከም" የሚለው ሕግ በተግባር ምን እንደሚያደርግ ታይቷል። አርካንሳው በ2018 ሞክሮታል። ሰው በየወሩ ሰማንያ ሰዓት መሥራቱን እንዲያስመዘግብ ተጠየቀ። ፍርድ ቤት እስኪያስቆመው ድረስ በጥቂት ወራት ከ18 ሺህ ሰው በላይ ኢንሹራንሱን አጣ። ብዙዎቹ እየሠሩ፣ ወይም ነጻ መሆን ሲገባቸው፣ በወረቀቱ ነው የወደቁት። የእኛን ሰዎች አስቡ። ሰዓቱ በየሳምንቱ የሚቀያየርበት፣ ኦንላይን ፎርም በእንግሊዝኛ መሙላት የሚያስጨንቀው፣ ደብዳቤ ሲመጣ ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ የሚጠብቅ።

ይህ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በጁላይ 2025 ያው የሰማንያ ሰዓት ግዴታ የአገሪቱ ሕግ ሆኗል። ከ2027 መጀመሪያ አንስቶ ግዛቶች ሊያስፈጽሙት ነው። በዚያው ሕግ ውስጥ ብዙ ሐበሻ ያልሰማው ሌላ ነገር አለ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ስደተኛ ወይም ጥገኝነት ተቀባይ የሆነ ጎልማሳ ግሪን ካርድ እስኪይዝ ድረስ ሜዲኬይድ አያገኝም። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከመቀሌ፣ ከወለጋ ሸሽቶ የመጣው፣ ጉዳዩን ዳኛ ፊት አቅርቦ የተፈቀደለት ሰው ማለት ነው። ሴኔቱ ሕጉ ላይ 50 ለ50 ተካፍሎ ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ናቸው ሚዛኑን የደፉት። እንደገና እኩል፣ እንደገና በአንድ ድምፅ።

"እኛ ጥቂት ነን፣ የእኛ ድምፅ አይታይም" ለምትሉ ደግሞ 2021ን ላስታውሳችሁ። ይህን ሳነሳ ልቤ እየፈራ ነው፤ ቁስሉ ስላልዳነ።

ያኔ አገራችን ጦርነት ላይ ነበረች። ጦርነቱን ሁላችንም በአንድ ዓይን አላየነውም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰላምታ የተነፋፈግን ነበርን። ብዙዎቻችን በባይደን አስተዳደር ተቆጥተን ነበር። አገራችን ከአጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነጻ ገበያ ከምትሰጥበት ሕግ፣ ልትወጣ መሆኑ የተነገረው ልክ የቨርጂኒያ ገዢ በሚመረጥበት ቀን ነው፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2021። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ሐበሻ ሲደራጅ አየሁ። ስልክ ይደወላል፣ በራሪ ወረቀት ይታደላል፣ ባንዲራ የለበሰ መኪና ይሰለፋል። ዴሞክራቶችን ለመቅጣት ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን ምረጡ ተባለ። መርጦ የማያውቅ ሰው ወጥቶ መረጠ። ያንግኪን ከ63 ሺህ በጥቂት በሚበልጥ ድምፅ፣ ከሁለት በመቶ ባነሰ ልዩነት አሸነፉ። እኛ አሸነፍንላቸው አልልም። እንደተቆጠርን ግን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች በየሐበሻ ምግብ ቤቱ መታየት ጀመሩ።

የመረጣችሁትን አልወቅስም። ያ ድምፅ የእናንተ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የቨርጂኒያ ገዢ በአጎዋ ላይ ሥልጣን የለውም። የቨርጂኒያ ገዢ ሥልጣኑ በትምህርት ቤታችን፣ በኪራያችን፣ በሆስፒታላችን ላይ ነው። በዚያ ቀን የተቀጡት ሰው ደግሞ ቴሪ ማክኦሊፍ ነበሩ። ከ2014 እስከ 2018 ገዢ ሆነው ሳለ ያን የሜዲኬይድ በር እንዲከፈት አራት ዓመት ሙሉ ምክር ቤቱን የተከራከሩት ሰው። የእግር ጣቶቹ የተቆረጡት ወንድማችን ራሱ ያንግኪንን እንደመረጠ ነግሮኛል። ማክኦሊፍ ማን እንደሆኑ አያውቅም ነበር። ማን ነግሮት?

አቅሙ እንዳለን በዚያ ዓመት አየሁ። ለአገር ቤት ሲሆን እንደ ንብ እንነሳለን። ልጆቻችን ለሚማሩበት ስኩል ቦርድ፣ የታክሲ ደንብ ለሚያወጣው የካውንቲ ምክር ቤት ግን አንድ ስልክ አንደውልም። አንድ እግራችን አሁንም ቦሌ ላይ ነው። የኔም ጭምር።

ስለ ራሴ ወገን ደግሞ ዝም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ዴሞክራቶች እኛን የሚያውቁን በኦክቶበር ነው። እንጀራ በእጃቸው በልተው ፎቶ ይነሳሉ፣ "ኢትዮጵያውያን ታታሪ ናችሁ" ይሉናል፣ ከዚያ እስከ ሚቀጥለው ኦክቶበር ስልክ አያነሱም። በ2024 ሰዉ ስለ እንቁላል ዋጋና ስለ ኪራይ ሲያለቅስ "ኢኮኖሚው ጥሩ ነው" እያሉ ቁጥር ያሳዩት ነበር። የሁለት መኝታ ቤት ኪራይ ደሞዙን ግማሽ የሚበላበት ሰው ቁጥር ምን ያደርግለታል? ያን ጊዜ ብዙ ሐበሻ ወደ ትራምፕ ሲሄድ ጅል ስለሆነ እንዳልነበር እኔ ምስክር ነኝ። ወዳጄ ያን ዓመት ምርጫ ከመድረሱ በፊት ሁለት ጊዜ ቤት ቀይሯል።

ስለ ሃይማኖት ያለውንም አልሸሸውም። "ጿሚ ጸላይ ሆነሽ እንዴት ፅንስ ማስወረድን ከሚደግፉ ጋር ትቆሚያለሽ?" ተብያለሁ፣ በንስሐ አባቴ ጭምር። እኔ በራሴ ሕይወት የማምነውን አምናለሁ። ግን ፅንሱ ሞቶባት ደም እየፈሰሳት የምትመጣ ሴት አክሜአለሁ። እንዲህ ያለች ሴት አልጋ አጠገብ ሐኪሙ ጠበቃ ልጥራ ወይስ መድኃኒት ልስጥ ብሎ እንዲያመነታ አልፈልግም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2022 በአገር ደረጃ የነበረውን ፅንስ የማስወረድ መብት ከሻረ ወዲህ ከደቡብ ግዛቶች መካከል አዲስ ገደብ ያላወጣችው ቨርጂኒያ ብቻ ናት። ይህን የጠበቀልን ያው ስሙን የማናውቀው የሪችመንድ ሕግ አውጪ ነው፣ በተለይ የግዛቱ ሴኔት። ከእኔ ጋር የማይስማማ ይኖራል። አከብረዋለሁ። እሱም ግን ወደዚያው ምክር ቤት ድምፁን ይላክ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ነገር ላይ ደርሻለሁ።

አገራችን ውስጥ ድሮ ሁለት ሰው ሲጣላ መንገደኛ "በሕግ አምላክ!" ካለ ዱላው ይወርድ ነበር። የሚሸሽ ይቆማል። ፖሊስ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ቃሉ ብቻ። አያቴ ስለዚህ ስታወራ ዓይኗ ይበራ ነበር። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣና ሰው ከቤቱ በሌሊት ሲወሰድ "በሕግ አምላክ" የሚል ጠፋ። የእናቴ ወንድም በዚያ መንገድ ሄዶ አልተመለሰም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በር በሌሊት ሲንኳኳ ትደነግጥ ነበር።

በ2025 ፊታቸውን የሸፈኑ፣ ስማቸውን የማይናገሩ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ሰዎችን ከመኪና ሲያወርዱ በቪዲዮ ሳይ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። አሜሪካ ቀይ ሽብር ሆነች አልልም፤ እንዲህ ማለት በሙታኖቻችን ላይ ግፍ ነው። ድንበር መጠበቅም የመንግሥት ሥራ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሚወስደው ማን ነው? በየትኛው ወረቀት? ዳኛው የት አለ? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛው ማሻሻያ "ማንም ሰው" ያለ ሕግ ሥርዓት ነጻነቱን አያጣም ይላል። "ማንም ዜጋ" አይልም። ሰው ነው የሚለው። ለእኔ ያ ዓረፍተ ነገር የአያቴ "በሕግ አምላክ" ነው።

እዚህ የመጣንበት በርም በሕግ የተከፈተ ነው። ከ1965 በፊት ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት አንድ መቶ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት በማርች፣ በአላባማ ግዛት ሰልማ ከተማ፣ ድልድይ ላይ ጥቁሮች ስለ ድምፅ መብት ተደበደቡ። በኦገስት የድምፅ መብት ሕግ ተፈረመ። በኦክቶበር ያን ኮታ ያፈረሰው የኢሚግሬሽን ሕግ ተከተለ። ያው ፕሬዚዳንት፣ ሊንደን ጆንሰን፣ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱንም ፈረሙ። በ1980 የስደተኞች ሕግ ወጣና በደርግ ጊዜ ሱዳን ካምፕ የነበሩ ወገኖቻችን ገቡበት። ዲቪም የመጣው በ1990 ሕግ ነው። መጀመሪያ በዋናነት የታሰበው ለአየርላንዶች ነበር፤ እኛም ደረሰን። እነዚህን በሮች የከፈቱልን ሰልማ ላይ ጭንቅላታቸው የተፈነከተ፣ እኛን የማያውቁን ሰዎች ናቸው።

በጃኑዋሪ 2025 የስደተኞች መግቢያ ቆመ። ኋላም በዓመት 125 ሺህ የነበረው ጣሪያ ወደ 7,500 ወረደ፣ ቅድሚያውም ለነጭ ደቡብ አፍሪካውያን ተሰጠ። ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት በመጀመሪያው ቀን ጊዜያዊ ቪዛ ያላቸው ወይም ወረቀት የሌላቸው ወላጆች እዚህ የሚወልዷቸው ልጆች ዜጋ እንዳይሆኑ ትእዛዝ ተፈረመ። ከ1868 ጀምሮ በሕገ መንግሥት የተጻፈ መብት ነው። ፍርድ ቤቶች አገዱት፣ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። እኔ ገብቻለሁና በሩ ቢዘጋ ምን ገዶኝ ማለት አልችልም። እህቴ ገና አገር ቤት ናት።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ለምን እንደማትመርጡ የማውቅ ይመስለኛል። ስንፍና አይደለም። ፍርሃት ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 በእኛ አቆጣጠር፣ ጉለሌ የቀበሌያችን ትምህርት ቤት በር ላይ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተሰልፌ ነበር። ዝናብ ነበር። አሮጊቶች በርጩማ ይዘው መጥተው ነበር። እንደዚያን ቀን ሰው ሲዋደድ አይቼ አላውቅም። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰላማዊ ሰው መገደሉን ነው የቆጠረው። አንደኛው የክፍል ጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ነበር። ከዚያ በኋላ ምርጫ የሚለውን ቃል የምንሰማው በሐዘን ጆሮ ነው። ስም መመዝገብ ያስፈራል። ወረቀት ላይ መታወቅ ያስፈራል። በመጀመሪያ እዚህ ስመርጥ፣ በ2012፣ እጄ ተንቀጥቅጧል።

እዚህም ተሸንፎ አልወርድም ያለ ታይቷል። በጃኑዋሪ 2021 ትራምፕ ለጆርጂያ የምርጫ ኃላፊ ደውለው የጎደላቸውን 11,780 ድምፅ እንዲያገኝላቸው ጠየቁ። ኃላፊው ብራድ ራፈንስፐርገር ሪፐብሊካን ነው፤ ለትራምፕ ራሱ መርጧል። እምቢ አለ። ቆጥረናል፣ ይሄው ነው አለ። ይህን ሰው ከዚያ በፊት ማን ያውቀው ነበር? በ2018፣ ብዙ ሰው በማያየው መስመር ላይ የተመረጠ ባለሥልጣን ነው። በእኛው 1997 እንዲህ ያለ አንድ ሰው ቢኖረን ብዬ ስንቴ አስቤአለሁ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዜጋ የሆናችሁ ተመዝገቡ። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ደግሞ በፍጹም እንዳትመዘገቡ፣ እንዳትመርጡ። የመንጃ ፈቃድ ስታወጡ "ልመዝግብህ?" ብሎ የሚጠይቅ ገጽ አለ፤ ሳታነቡ እሺ አትበሉ፤ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ጀምሮ በአካል መምረጥ ስለሚቻል ሺፍት ምክንያት አይሆንም። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ እናቶችና አባቶች ልጃችሁን ወይም የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። አሠሪያችሁና የሠራተኛ ማኅበራችሁ ሰው ብቻ አይሆኑም። ይህ የ1965ቱ የድምፅ መብት ሕግ ላይ የተጨመረ መብታችሁ ነው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ከላይ ባለው ስም አትቁሙ። እስከ ታች ውረዱ። ታች ያሉት ናቸው የወንድማችንን እግር የያዙት።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሰባ አራት ዓመት እናት ይዤ ሄጄ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ለብሰው ነው የመጡት። ወረቀቱን ሳነብላቸው እያንዳንዱን ስም "ይሄስ ምን ያደርጋል?" ይሉኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ማንም አላስቸኮለን። ስንወጣ ደረታቸው ላይ የለጠፉላቸውን "መርጫለሁ" የምትል ወረቀት እስከ ቤታቸው ድረስ በእጃቸው ሸፍነው ሄዱ፣ ነፋስ እንዳይወስድባቸው። ለማን እንደመረጡ ሁሉንም አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ዘንድሮ ኖቬምበር 3 የኮንግረስ ምርጫ ነው። ቀድሞ መምረጥ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ውስጥ እገኛለሁ። ወዳጄም የራሱን መኪና ይዞ ይመጣል፤ እሱ ለእሱ፣ እኔ ለእኔ ወገን ነው የምንመርጠው። የኔ ግራጫዋ ቶዮታ ናት። ከእኔ ሌላ አራት ሰው ትይዛለች።